ሥጋንም መጠበቅ ይገባል

ነፍስ እንድትጠበቅ የሚያስተምሩ ካህናት ማደሪያዋ ሥጋም እንዲጠበቅ ቢያስተምሩ የተገባ ነው። በመንዝ፥ በዘመሮ አገር፥ ዳገት ሲወጣ ቍልቍለት ሲወርድ የሚውለው ገበሬ ጕልበቱ በሥራ፥ ሰውነቱም በገብስና በባቄላ የጸና ነው። ነገር ግን ብርታት ብቻውን ከጕዳት አያድንም።

ለዚህም በሰሜን ሸዋ በጃቶ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ ምስክር ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮማ፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በማራቶን ድል ያደረገው ይህ ጀግና በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩን ታሞ ሩጫውን አቋረጠ፤ በዚያው ዓመትም በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጐድቶ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሆኖም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ከታከመ በኋላ በክንዱ ኃይል በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በቀስት ተወዳደረ።

ስለዚህ ከገደል የወደቀውን ወይም ወገቡን የታመመውን ሰው ዕድሉ ነው ብሎ ጥግ አስተኝቶ መተው ርኅራኄ አይደለም። ቶሎ ወደ ሐኪም እንዲደርስ፥ ሳይሽርለትም ወደ እርሻ እንዳይመለስ፥ እንደ ሐኪሙም ትእዛዝ ሰውነቱን ጥቂት በጥቂት እንዲያንቀሳቅስ ሹም በሥልጣኑ፥ ካህን በምክሩ ሊረዳው ይገባል።