ታድጊበታለሽ

የዛሬው ወጌ ከጫማ ይጀምራል። ልጅ ሳለሁ መስከረም ሲጠባ እናቴ ለትምህርት ቤት የምትገዛልኝ ጫማ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። ጫፉ ላይ ጥጥ ትጎዘጉዝና «ግድ የለም፣ ታድጊበታለሽ» ትለኛለች። እናንተም ቤት ይህ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ለጫማ መልካም ዘዴ ነው። ለሞተር ሳይክል ግን አደገኛ መሆኑን የተረዳሁት ባለፈው ክረምት ነው።

ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ አንድ ሌሊት ደወለችልኝ። የ22 ዓመት ልጇ ሞተር ሳይክል ሊገዛ መሆኑን ስትነግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ሥራሽ ማርኬቲንግ አይደል? የሻጮቹን ቋንቋ ታውቂዋለሽ። እባክሽ በሞቴ፣ ልጁን ምከሪልኝ» አለችኝ። ስደውልለት ቆርጦ ጠበቀኝ። የፈለገው ባለ 600 ሲሲ የስፖርት ሞተር ሳይክል ነው። ከትንሽ እንዲጀምር ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ትንሹ በስድስት ወር ይሰለቸኛል። ትልቁን ልግዛና አድግበታለሁ።» የእናቴ ጫማ ትዝ አለኝ።

እንደ ሥራዬ ልማድ ገበያውን ሳጠና በጀማሪዎች ዘንድ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ የድሮ ሞተር ሳይክል አገኘሁ፤ ካዋሳኪ ኒንጃ 250። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) «ኒንጃ» የሚለውን ስም ያገነነው በ1984 የወጣው ባለ 900 ሲሲ ነው፤ ቶም ክሩዝ «ቶፕ ገን» በተባለው ፊልም ላይ የነዳው እሱን ነው። በ1986 ካዋሳኪ ያንኑ ስም አሜሪካ ውስጥ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። በገበያ ሰው ዓይን ብልህ ውሳኔ ነው። ጀማሪው ሳያፍር የሚጠራው ስም አገኘ።

ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኒንጃው በ1988 ቅርጹ ተሻሻለ፤ ከዚያ እስከ 2007 ድረስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሳይደረግበት አሜሪካ ውስጥ ተሸጠ። በየስድስት ወሩ ማሸጊያ ቀይረን «አዲስ!» ብለን ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ተአምር ነው። ግን ምክንያት አለው። የጀማሪ ዕቃ ገዢው በየዓመቱ አዲስ ሰው ስለሆነ የአምናው ሞዴል አይሰለቸውም። ንድፉ ባለመለወጡም ዋጋው ብዙ አልናረም፣ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፤ የተማረበት ሰውም ብዙ ሳይከስር ለሌላ ተማሪ ይሸጠዋል።

አሠራሩስ? ሞተሩ 248 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ስድስት ማርሽ አለው። ክብደቱ ያለ ነዳጅ 138 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን መቀመጫው ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው እንኳ ሲቆም እግሩ መሬት ይነካል። ጉልበቱ ከ40 ፈረስ በታች ነው፤ የዘመናዊዎቹ 600ዎች ግን 100 ፈረስ ያልፋል። ደግሞ ኒንጃው ያንን ጉልበት የሚያወጣው ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ነው፤ ወሰኑ በደቂቃ 14,000 ዙር ላይ ነው። ጀማሪ እጁ ስቶ ነዳጅ ቢያበዛበት ይጮህበታል፣ ከሥሩ ግን አይፈተለክም። ፍጥነት የፈለገ ሰው ማርሹን በትክክል እየመረጠ ማምጣት አለበት። መንዳት የሚለመደውም እንዲህ ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከውድድር ሞተሮች የተቀዱትን ሱፐርስፖርቶች የሚነዱ ሰዎች የሞት መጠን የሌሎቹን ዓይነቶች ከሚነዱት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ነጂዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች መሆናቸውም የራሱ ድርሻ አለው። የአክስቴ ልጅም ወጣት ነው።

ያነበብኩትን ሁሉ ላክሁለት። ሦስት ቀን ዝም አለኝ። በአራተኛው ቀን ፎቶ መጣልኝ፤ ግራ ጎኑ የተጫረ የ2005 ኒንጃ 250። የሸጠችለት እሷም የተማረችበት ሴት ናት። የጀማሪዎችን ሥልጠና ወስዶ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። በሁለተኛው ሳምንት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲያዞር ወደቀ። የፍሪሲዮኑ መያዣ ተሰበረ፣ ጉልበቱ ተላጠ፣ ለእናቱም ራሱ ነገራት። «ትልቁ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

አክስቴ አሁንም ልጇ ቤት ሳይገባ አትተኛም። እውነቷን ነው፤ ይህም ቢሆን በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ትንሽ ሞተር ሳይክል አይገድልም ብዬ አልዋሻችሁም። ሄልሜቱ፣ ጓንቱ፣ ሥልጠናው ለትንሹም ያስፈልጋል።

እናንተም ልጃችሁ የመጀመሪያ መኪናውን ወይም የመጀመሪያ ብድሩን ይዞ ሲመጣ፣ «ያድግበታል» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ሲሳሳት ይምረዋል? የሰፋ ጫማ ጥጥ ይጎዘጎዝበታል። ለ100 ፈረስ ጉልበት ግን የሚጎዘጎዝ ጥጥ የለም።

በሚቀጥለው ወር ሰው ይበለን!