መረቡ የማን ነው?

የስፖርት ዘጋቢ ከባልደረቦቹ ሁሉ ዕድለኛ ነው። የሚዘግበው ክንውን በሰዓት የተወሰነ፣ ተሳታፊዎቹ በመለያ ቁጥር የሚታወቁ፣ ውጤቱም በአኃዝ የሚገለጽ ነው። ይህን ያህል ግልጽ የሆነን ነገር ማደብዘዝ የራሱን ጥበብ ይጠይቃል፤ ዘገባዎቻችን ግን ተክነውበታል።

ለማሳያ ያህል በተለመደው ዘይቤ ያቀናበርኩትን ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ፈረሰኞቹ ከቡናማዎቹ ጋር ባደረጉት ትንቅንቅ የታየበት ፍልሚያ፣ በ67ኛው ደቂቃ መረባቸው በመደፈሩ ወሳኝ ሦስት ነጥብ ተመዝግቧል።» ፍልሚያውም ትንቅንቁም አለ፤ የጠፋው አሸናፊው ነው። መረቡ የቅዱስ ጊዮርጊስ ይሁን የኢትዮጵያ ቡና፣ ነጥቡስ በማን ስም እንደተመዘገበ አልተነገረንም። «ወሳኝ» የሚለውም ቅጽል ቢሆን አይረዳንም፤ በሊጉ ማንኛውም ድል የሚያስገኘው ያንኑ ሦስት ነጥብ ነውና።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር አንባቢ እስከዚያ ይታገሣል። የትዕግሥቱ ዋጋ ባለቤቱን የሸሸገ ተደራጊ ግስ ሲሆን ግን ድካሙ ከንቱ ይቀራል። «ተጫዋቹ ሊዛወር እንደሚችል ተሰምቷል» ሲባል ማን ሰማ? ከማንስ ሰማ? ቅኔ ቢሆን ከሰሙ ሥር ወርቁን በፈለግን ነበር፤ እዚህ ያለው ግን ሰሙ ብቻ ነው።

ግልጽነት የዘገባን ውበት አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛውንና ሁለተኛውን የለያቸው ደግሞ 0.12 ሰከንድ ነበር። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ጸሐፊ «እጅግ አስደናቂ» የሚለው ቃል ምን ይጨምርለታል?

ነገሩ በፌዝ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የዕለቱ አንባቢ ጨዋታውን ተመልክቶት ሊሆን ስለሚችል የዘገባውን ጉድለት ከራሱ ይሞላል። ከ30 ዓመት በኋላ የክለቦቻችንን ታሪክ ለማጥናት ጋዜጣውን የሚያገላብጠው ተመራማሪ ግን ያ ዕድል የለውም፤ ለእርሱ ግብ አስቆጣሪው ያልተጠቀሰበት ዘገባ አፉን የያዘ ምስክር ነው።

በየመመረቂያ ጽሑፉ የምናነበው «ጉልህ ለውጥ መኖሩ ተረጋግጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገርስ ከዚህ በምን ይሻላል? እንግዲህ ዘጋቢውም ተመራማሪውም ጽሑፉን ከማውጣቱ በፊት ተመልካች በስታዲየም በር የሚያገኘውን ሰው የሚጠይቀውን ይጠይቅ፦ ማን አሸነፈ? ስንት ለስንት?