ብርዱን ሸሽተው ዳላስ የሚከርሙ ወፎች

ውድ ወላጆች፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ማለት ሰልችቷችኋል አይደል? ዳላስና አካባቢዋ ላላችሁ፣ በዚህ ወር አምስት ሳንቲም የማታወጡበት ቦታ እንጠቁማችሁ። ዋይት ሮክ ሐይቅ ሂዱ። ሰንሴት ቤይ በሚባለው በኩል፣ ውኃው ውስጥ በወደቁ ግንዶች ላይ ተደርድረው የምታዩአቸው ትልልቅ ነጭ ወፎች ፔሊካኖች ናቸው።

በጋውን ሰሜን ዳኮታ፣ ሚኒሶታና ካናዳ ሜዳ ላይ ጫጩት ሲያሳድጉ ይቆያሉ። እዚያ ውኃው በረዶ ሲሆን ዓሣ ስለማያገኙ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ኦክቶበር አካባቢ መጥተው እስከ ማርችና ኤፕሪል ይቆያሉ።

ልጆች፣ ካርቱን ላይ ፔሊካን ዓሣ በአፉ ከረጢት ተሸክሞ ሲበር አይታችሁ ይሆናል። ውሸት ነው! ከረጢቱ 11 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል፣ የጀሪካን ግማሽ ማለት ነው። ግን ውኃውን አፍስሶ ዓሣውን እዚያው ይውጠዋል። ሲያጠምዱ ደግሞ ተሰልፈው እየዋኙ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱና ሁሉም ባንዴ አንገታቸውን ይነክራሉ። ሲነሱ ክንፋቸውን እዩ፤ ቁጭ ሲሉ የማይታየው ጥቁር ጫፍ ያኔ ይወጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፤ አባባ እጃቸውን ዘርግተው ይለካኩ። ክረምቱ ሲያልቅ ከሄዳችሁ ምንቃራቸው ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ታያላችሁ፤ እንቁላል ከጣሉ በኋላ ይወድቃል።

ወላጆች፣ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚወራው «ብላ፣ ተኛ፣ ስልኩን አስቀምጥ» ለማለት ብቻ ከሆነ ልጁ ቢሰለቸው አይፈረድበትም። እዚህ ግን የምትነግሩት አላችሁ። ዝዋይ ያደገ ሰው ጀልባ ሲመጣ የዓሣ ትርፍራፊ ለመቃረም የሚጋፋውን ፔሊካን ያውቀዋል፤ የዚህኛው ዘመድ ነው። ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርቶ፣ ዓሣ ፍለጋ አብያታ ይመላለስ እንደነበር ንገሩት። አብያታ ውኃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት እየተወሰደ ሲሸሽ ዓሣውም አለቀ። «ታዲያ ወፎቹ የት ሄዱ?» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ወሬው ተጀመረ ማለት ነው።

ዳቦ አትወርውሩላቸው፣ እንዲበሩ ብላችሁም አታባርሯቸው። የተጣለ የመንጠቆ ክር ካያችሁ አንሱት፤ እግርና ክንፍ ተብትቦ ይገድላል። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ስለሚበርድ ጃኬት አይረሳ።