የማኒላዋን ልጅ ተዉአት

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይቺን ቀልድ ያውቃታል። ክረምት ላይ ከዋሺንግተን የመጣው አጎት ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይጀምራል። «የባንክ ካርዴ አልሠራ ብሎኝ ደወልኩላችሁ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። ከዚያ ማን ቢያነሳው ጥሩ ነው? ህንድ!» አነጋገሩን ያስመስላል፣ አንገቱን ይወዘውዛል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

እኛ ይህን ቀልድ አልወደድነውም። ጨዋ ለመምሰል አይደለም። በሰው አክሰንት መቀለድ ነውር ነው የሚል ስብከትም የለንም (አጎት ራሱ ሃያ ዓመት የተቀለደበት ሰው ነው፤ ነውርነቱን ከኛ በላይ ያውቃል)። ያልወደድነው ቀልዱ ጥፋተኛውን ስለሚያስመልጥ ነው። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ያሰማው ህንዳዊው አይደለም። ካርዱን የዘጋውም እሱ አይደለም። እንዳይከፍተው እጁን ያሰረው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላው ሰው ስልክ አያነሳም፣ ስሙም አይታወቅም፣ ማንም አይቀልድበትም።

እስቲ ስልኩ እዚያ ድረስ እንዴት እንደሄደ እንይ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው፤ ነገሩም የፈረንጅ ነውና።) በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካና የእንግሊዝ ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን ስልክ ጠቅልለው ወደ ባንጋሎርና ወደ ዴልሂ፣ በኋላም ወደ ማኒላ ላኩት። እዚያ እንግሊዝኛ የሚናገር ተመራቂ በነሱ አገር ደሞዝ ቁራጭ ይገኛል፤ ድምፅን ባሕር አሻግሮ መላክም በጣም ረክሶ ነበር። በ2010 አካባቢ ፊሊፒንስ ስልክ በማንሳቱ ሥራ ህንድን ቀደመች። ዛሬ በዚህና በመሰል የቢሮ ሥራ የሚተዳደረው ፊሊፒናዊ ከ1.5 ሚሊዮን ይበልጣል።

በሐምሌ ወር ዋሺንግተን ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ማኒላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ «እንደምን ዋሉ» የምትለዋ ልጅ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያደረች ናት። የአገሯ የሠራተኛ ሕግ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከሰዓት ክፍያው ላይ ቢያንስ 10 በመቶ እንዲጨመር ያዛል። ስሙን የምትጠራላችሁ ኩባንያም አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪዋ አይደለም። ቀጣሪዋ ሥራውን በኮንትራት የወሰደ ሌላ ድርጅት ነው። ስለዚህ እሷ ላይ ስትጮሁ የምትጮሁት የኮንትራክተሩ ሠራተኛ ላይ ነው። ኩባንያው ጩኸቱ አይደርሰውም፤ እንዳይደርሰው ነው የከፈለው።

ፊቷ ያለው ስክሪን ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የምታነበው ጽሑፍ ነው፤ «ስለተፈጠረው ችግር ከልብ አዝናለሁ» የሚለው ሳይቀር ተጽፎላታል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሠራተኛ ከሚለካባቸው ቁጥሮች ዋነኛው አንድ ጥሪ በአማካይ የፈጀው ጊዜ ነው። የእናንተን ጉዳይ ለመረዳት አሥር ደቂቃ ካጠፋች ውጤቷ ይወርዳል፤ በሦስት ደቂቃ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብላ ከሸኘቻችሁ ጎበዝ ትባላለች። አክሰንት ምንም ችግር አይፈጥርም አንልም። ይፈጥራል፤ አንዳንዴ ቁጥር ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ቢሆንም እሱ በሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ይፈታል። ሥልጣን ማጣት ግን በትዕግሥት አይፈታም።

የአዲስ አበባ ልጅ «ሲስተም የለም» የሚባለውን እየሰማ ነው ያደገው። በማኒላ በኩል ሲስተሙ አለ፤ ግን አይፈቅድም። ልዩነቱ ይቺው ናት።

ከመካከላችን የአንዷ እናት ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። ስማቸውን አንጽፍም፤ በ«ፀ» የሚጀምር መሆኑ ይበቃል። ቨርጂኒያ ያለው ልጃቸው ለቀዶ ሕክምና ማስያዣ የሚሆን ገንዘብ በአንድ የሐዋላ ኩባንያ ይልካል። እሳቸው ባንክ መስኮቱ ጋ ይቀርባሉ። መታወቂያቸው ላይ ስማቸው በእንግሊዝኛ «ቲ ኤስ» ብሎ ይጀምራል፤ ልጁ በ«ኤስ» ብቻ ነው የጻፈው። «ፀ»ን በላቲን ፊደል እንዴት እንደምንጽፍ እስከ ዛሬ መች ተስማምተን እናውቃለንና! ገንዘብ ከፋዩ «ስሙ አይገጥምም፣ ላኪው ያስተካክል» ብሎ መለሳቸው። በሱም አንፈርድም፤ ባይመልሳቸው የሚጠየቀው እሱ ነው።

ልጁ ደወለ። ማኒላ ተነሳ። «የተቀባይዋ የቤተሰብ ስም ማነው?» የለንም። እኛ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ፎርሙ ግን ሳጥኑ ካልሞላ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የአባት ስም ገባ። ከዚያ ፊደል በፊደል ተጀመረ፤ ቲ እንደ ታንጎ፣ ኤስ እንደ ሲዬራ። ልጅቷ በደንብ ገብቷታል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ራሷ ተናግራለች። የጎደለውን «ቲ» የሚጨምረው ቁልፍ ግን በሷ እጅ አልነበረም። ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ተላከ። ሌላው ክፍል ስልክ የለውም።

በማግሥቱ ሌላ ልጅ አነሳች፤ ታሪኩ ከሀ ተጀመረ። ወንድሜው በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። «አሜሪካዊ አገናኙኝ!» አለ። አገናኙት። ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ፣ ሙልጭ ያለ የአሜሪካ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰውዬ አነሳ። ምን አለው? «ስለተፈጠረው ችግር ከልብ አዝናለሁ። ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል ተልኳል።» ቃል በቃል ያው ነው! ገንዘቡ በአራተኛው ቀን ተለቀቀ። የሕክምናው ቀጠሮ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ እናት ለሚቀጥለው ተራ ሦስት ሳምንት ጠበቁ።

አንድ «ቲ» ናት እንግዲህ። ስሙ መሐመድ ወይም አሕመድ የሆነ ወንድማችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የማዕቀብ ዝርዝር የሚያጣራው ሶፍትዌር ስሙን ከሌላ መሐመድ ጋር ያገጣጥመውና ገንዘቡን ይይዛል። እዚያም ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ማዘን እንጂ መልቀቅ አትችልም።

ይህ ሁሉ በነፃ ቢሆን ጥሩ። እንደ ዓለም ባንክ መረጃ በ2023 ከሰሃራ በታች ወዳለችው አፍሪካ 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ 8 በመቶ ገደማ ይከፈል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ ካስቀመጠ ቆይቷል። በ8 በመቶ ሂሳብ ከ200 ዶላሩ 16ቱ መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። 16 ዶላር የወሰደ ኩባንያ አንዲት ፊደል የምታስተካክል ሠራተኛ ማስቀመጥ አቃተው ብንባል አናምንም። አላቃተውም። ማስቀመጡ አያዋጣውም።

ደግሞ ኩባንያዎች ሲፈልጉ እንደሚያውቁበት ማስረጃ አለን። ኮምፒውተር ሠሪው ዴል በ2003 ደንበኞቹ ባንጋሎር በሚያነሳላቸው ስልክ ተማረው ነበር። ምን አደረገ? የትልልቅ ድርጅቶችን ስልክ ወደ አሜሪካ መለሰው። ቤቱ አንድ ኮምፒውተር የገዛው ምስኪን ስልክ እዚያው ባንጋሎር ቀረ። ችግር መኖሩን አውቀዋል ማለት ነው፤ የፈቱት ግን በሺህ ለሚገዛው ብቻ ነው። ምስኪኑ ከዚያ በኋላም ባንጋሎርን ሲሳደብ ኖረ።

ፖለቲከኞቹም ይቺን ስድብ ይወዷታል። ሴናተር ጆን ኬሪ በ2003 ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ የት አገር እንዳለ እንዲናገር የሚያስገድድ ረቂቅ አቅርበው ነበር። በ2025 ደግሞ የሁለቱም ፓርቲ ሴናተሮች በጋራ ተመሳሳይ ረቂቅ ይዘው መጡ፤ ሠራተኛው ያለበትን አገር ይናገር፣ የሚያወራው ኮምፒውተር ከሆነ ይታወቅ፣ የጠየቀ ሁሉ አሜሪካ ወዳለ ሰው ይዛወር የሚል። የኮምፒውተሩን ነገር እንደግፋለን፤ ከማሽን ጋር መጨቃጨቃችንን ማወቅ መብታችን ነው። የአገሩ ጥያቄ ግን ምን ይጠቅመናል? የቨርጂኒያው ልጅ አሜሪካዊ አገኘ። ከዚያስ?

ከዚህ ሁሉ ያናደደን ግን የሚከተለው ነው። የዓለም ትልቁ የኮል ሴንተር ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ የሆነው ቴሌፐርፎርማንስ፣ የህንድ ሠራተኞቹን አክሰንት ንግግሩ እየሄደ ሳለ የሚያለዝብ ሶፍትዌር እየተጠቀመ መሆኑ በ2025 ተዘገበ። ሳናስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ነው። ልጁ በራሱ አንደበት ይናገራል፣ ደንበኛው ጆሮ የሚደርሰው ታጥቦ የተተኮሰ እንግሊዝኛ ነው። ሠራተኛውን ከስድብ ያድናል ይላሉ። ይሁን። አስተውሉ ግን፤ ደንበኛው ሃያ ዓመት ሙሉ «ችግሬን አልፈታችሁልኝም» ብሎ ጮኸ፣ ኩባንያዎቹ «አነጋገራችሁ አልጣመኝም» ብለው ተረጎሙት፣ ገንዘባቸውንም አነጋገሩን ለማጠብ አወጡ። ይህን ትርጉም ያቀበላቸው ማነው? በቡና ላይ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በየኮሜንቱ «ህንዱ፣ ፊሊፒኖው» ሲል የኖረው ደንበኛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብሎ፣ ቀን የራሱን አነጋገር «አልሰማሁህም፣ ድገመው» ሲባል ውሎ፣ ማታ ስልክ አንስቶ ያንኑ ቃል ወደ ማኒላ የሚወረውር ወገናችንም አብሮ አለበት። ያ ሶፍትዌር ነገ የማንን አንደበት እንደሚያጥብ ቢያስብ ምን ነበረበት?

ታዲያ ዝም እንበል? በፍጹም። ጩኹ፤ ግን በሚሰማ ቦታ። ከአሜሪካ ገንዘብ የሚልክ ወገን ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ የፌዴራል ደንብ ከ2013 ጀምሮ አለ። ከፍላችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ገንዘቡን ተቀባዩ ካልወሰደው፣ ሰርዛችሁ ሙሉውን ማስመለስ ትችላላችሁ። ደረሰኙ ላይ ገንዘቡ የሚደርስበት ቀን መጻፍ አለበት። በተባለው ቀን ካልደረሰ ከዚያ ቀን ጀምሮ 180 ቀን የማመልከቻ ጊዜ አላችሁ፤ ኩባንያው ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ በስልኩ ላይ «የት አገር ነሽ?» ብሎ ከመጠየቅ ሁለት ነገር ጠይቁ። «አንቺ ራስሽ ማስተካከል የምትችዪው እስከ ምን ድረስ ነው?» እና «ይህን የስህተት አቤቱታ አድርገሽ መዝግቢልኝ፣ ቁጥሩንም ስጪኝ።» የመጀመሪያው ጊዜያችሁን ያድናል። ሁለተኛው ጉዳዩን ከሷ ጠረጴዛ አንስቶ ዓመቱን ሙሉ ስልክ ወደማያነሳው ሰውዬ ጠረጴዛ ይወስደዋል። ልጅቷም፣ እመኑን፣ ደስ ብሏት ትመዘግባለች።

ነገሩ ወደኛ አገርም እየመጣ ነው። በሰኔ 2012 (እዚህ በኛ አቆጣጠር ነው) የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ከአራቱ ዋና መንገዶቹ አንዱ ያደረገው በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚሰጥ አገልግሎትን ነው። ለውጭ ደንበኛ ስልክ ማንሳትም ከዚሁ ጎራ ነው። እኛ አንቃወምም፤ ጋዜጠኝነት ተመርቆ ሲቪ ይዞ የሚዞር ሰው ይህን ሥራ ሊንቅ አይችልም፣ ከመካከላችንም እንግሊዝኛው ደህና የሆነ ሁሉ ነገውኑ ያመለክታል። እንዲህ ያለ ኮንትራት የሚፈርሙ አገር ውስጥ ያሉ ሰዎች ግን «ወጣቶቻችን ጥሩ አክሰንት አላቸው» እያሉ እንዳይሸጡን እንለምናለን። ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልን። ቦሌ ወይም ሳሪስ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታድረው ልጅ ማንንም ሳታስፈቅድ ስንት ዶላር ለደንበኛ መመለስ ትችላለች? ስም ላይ የጎደለች አንዲት ፊደልስ?