የቢጄን ልብ የሚያስታውሱ ሰዎች

ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ያለን ሐበሾች የምናውቀው ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ «ጄኔራል ሆስፒታል» ሲጀምር ሻዩ ይቆያል፣ ስልኩ ቢጮህም የሚያነሣው የለም። ድራማው በኤቢሲ ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኤፕሪል 1963 ጀምሮ ዛሬም በሥራ ቀናት ይታያል፤ በ2022 15 ሺሕኛ ክፍሉ ተላልፏል። ታሪኩ የሚያጠነጥነው ኒውዮርክ ውስጥ አለች በምትባል፣ ፖርት ቻርልስ የተሰኘች የፈጠራ ከተማ ሐኪሞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ነው። እኔ ያየሁት ከአዛውንቶች ጎን ተቀምጬ ነው። ከድራማው ይልቅ የያዘኝ ግን ማስታወቂያ በገባ ቁጥር የሚነሣው የትዝታ ጨዋታ ነው። ይህን ጨዋታ «የሥራ ፈት ወሬ» ብለው የሚያጣጥሉትን ሰዎች አጥብቄ እቃወማለሁ።

ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ የ1994ቱን የቢጄን ታሪክ ደጋግመው ያወሩኝ ነበር። ሕፃኗ ቢጄ በትምህርት ቤት አውቶቡስ አደጋ ትጎዳለች፤ አንጎሏ ሥራ ያቆማል። በዚያው ሰሞን የአጎቷ ልጅ ማክሲ በካዋሳኪ በሽታ ልቧ ተጎድቶ፣ ሌላ ልብ ካልተገኘላት እንደማትተርፍ ተነግሯል። የቢጄ አባት ቶኒ ጆንስ ራሱ ሐኪም ነው። እሱና ቢጄን ያሳደገቻት ቦቢ የልጃቸው ልብ ለማክሲ እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶኒ ወደ ማክሲ አልጋ ይጠጋል፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ደረቷ ላይ ያሳርፍና የልጁን ልብ ምት ያዳምጣል። ነርሷ እዚህ ሲደርሱ ንግግራቸውን አቁመው የገዛ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ ነበር። በሥራ ዘመናቸው ስንት ቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ሲጠየቅ እንዳዩ ስለማውቅ፣ እኔም ዝም እል ነበር።

ይህን ትዕይንት እንዲህ ከባድ ያደረገው ከኋላው ያለው ጊዜ ነው። ቦቢን የተጫወተችው ጃክሊን ዚመን ድራማውን የተቀላቀለችው በ1977 ነበር። ተመልካች ልጅቷን ከመቅበሩ በፊት እናቲቱን ለዓመታት ያውቃታል፤ ስታገባ፣ ስትፈታ፣ ስትሳሳት አይቷታል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ይህን ከየት ያመጣዋል? ዚመን በ2023 ስታርፍ፣ ብዙ አረጋውያን እንደ ጎረቤት ያዘኑላት ለዚህ ነው።

የሮቢን ታሪክም እንዲሁ። ኪምበርሊ ማክላው ሮቢንን መጫወት የጀመረችው ገና በልጅነቷ፣ በ1985 ነው። በ1995 የሮቢን የመጀመሪያ ፍቅረኛ ስቶን በኤድስ ይሞታል፤ እሷም ቫይረሱ በደሟ ይገኛል። በየሳሎኑ እያዩ ያሳደጓት ልጅ ነበረችና፣ ስለ በሽታው መስማት የማይፈልግ ቤተሰብ እንኳ ፊቱን ሊያዞርባት አልቻለም። ጸሐፊዎቹም አልገደሏትም። መድኃኒቷን እየወሰደች ተማረች፣ ሐኪም ሆነች፣ አገባች፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆነች ልጅ ወለደች። በዚያ ዘመን ይህን በየዕለቱ ማሳየት ትልቅ ሥራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው የአገሬን ስለማስታውስ ጭምር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ድራማ ሲተላለፍ፣ ስለ ኤች አይ ቪ በሹክሹክታ ብቻ ይወራበት በነበረ ቤት ውስጥ የድራማው ገጸ ባሕርይ የፍቅርተ ጉዳይ በግልጽ ይነሣ ጀመር። አድማጮች በሺሕ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችን ላኩ። ያ ሁሉ ሰው የጻፈው ሥራ ስላልነበረው አይደለም።

የቆዩ ተመልካቾች ሁሉንም ነገር ያወድሳሉ ማለት ግን አይደለም። የ«ጄኔራል ሆስፒታል» ገጸ ባሕርያት የሉክና የሎራ ሰርግ በኖቬምበር 1981 ሲታይ ወደ 30 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል፤ ኤሊዛቤት ቴይለር ሳትቀር ተውናበታለች። ይሁንና ሉክ በ1979 ሎራን ደፍሯታል፤ ድራማው ያንን በፍቅር ሸፋፍኖ አልፎ፣ ጉዳዩን በቅጡ ያነሣው በ1998 ልጃቸው እውነቱን ሲሰማ ነው። አብሬያቸው የተቀመጥኩ ሴቶች በዚህ ጉዳይ ተሟግተዋል፤ ሰርጉን የሚወዱም፣ ዛሬም ይቅር የማይሉም አሉ። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። በአንድ ታሪክ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ የሚከራከር ተመልካች ግን ዝም ብሎ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው አይደለም።

የሚያስቆጨኝ የቅጂዎቹ ነገር ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቴፕ ውድ ስለነበር ጣቢያዎች በቀን የሚታዩ ድራማዎችን እያጠፉ በላያቸው ላይ ሌላ ይቀዱ ነበር፤ ብዙ ክፍሎች በዚያው ጠፍተዋል። ከተረፉትም አብዛኛው እንደ ልብ አይገኝም። የ1990ዎቹን ታሪኮች ዛሬ ማየት የሚቻለው በአመዛኙ ተመልካቾች በቤታቸው ቪዲዮ መቅጃ ቀድተው ስላስቀመጡ ነው፤ አንዳንዱ ካሴት ላይ የዚያን ቀን ማስታወቂያ ሳይቀር አለ። ድርጅት ሊሠራው የሚገባውን የቤት እመቤቶችና የሌሊት ተረኞች ሠሩት።

ኤቢሲና ባለቤቱ ዲዝኒ ከ1963 ወዲህ የተረፈውን ሁሉ በቅደም ተከተል ለሕዝብ ይክፈቱት። የሚያስታውሱት ሰዎች እያረጁ ነውና ጊዜ የለም። «የቀን ቅኝት»ን ቅጂ የያዘ ካለም እንዲሁ ያድርግ። «ጄኔራል ሆስፒታል»ን ግን ከ1994ቱ ቢጀምሩልኝ እመርጣለሁ፤ የቢጄን ታሪክ እስካሁን ያየሁት ተቆራርጦ ነው፣ ከአውቶቡሱ አደጋ በፊት ያሉትን ክፍሎች ማየት እፈልጋለሁ።