ምሰሶው ለምን ዘመመ?

ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል በእንጅባራ ሲከበር፥ ስልኩን አንሥቶ ግልቢያውን የሚቀርጸው ወጣት ብዙ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የዐድዋን ፈረሶች የሚያስብ ነውና፥ ቀረጻውም እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ከተማሪዎቼ አንዱ በዚያ ቀን ያነሣውን ቪዲዮ ይዞልኝ መጣ። «መምህር፥ ምሰሶዎቹ ሁሉ ዘመዋል፤ ያርሙልኝ» አለኝ። በቪዲዮው ዳር አያቱ ቆመው ይታያሉ። እርሳቸው ከበዓሉ በኋላ ዐርፈዋል፤ ሌላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የላቸውም።

አንባቢ ሆይ፥ የስልክ ካሜራ ሥዕሉን ባንድ ጊዜ አይቀበልም። መጽሐፍ መስመር በመስመር እንደሚነበብ ሁሉ፥ ብርሃን ተቀባዩ ገጽም ከአንደኛው ጠርዝ እስከ ሌላው ረድፍ በረድፍ ይነበባል። ንባቡ 1/50 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። ጋላቢውን ለመከተል ካሜራውን በሴኮንድ 60 ዲግሪ ብናዞረው፥ የመጀመሪያው ረድፍ ተነብቦ የመጨረሻው እስኪደርስ ካሜራው 1.2 ዲግሪ ዞሯል። ቀጥ ያለው ምሰሶ የዘመመው ስለዚህ ነው። እጅ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሥዕሉ እንደ ውኃ ይወላገዳል።

ማረሚያው ይህንኑ ስሌት ወደ ኋላ መመለስ ነው። አንዳንድ ስልክ በጃይሮስኮፑ መዞሩን እየመዘገበ እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ቦታው ይመልሳል። መዝገቡ ከሌለ ኮምፒዩተር ተከታታዮቹን ሥዕሎች አስተያይቶ እንቅስቃሴውን ይገምታል። ይሁን እንጂ በካሜራው መዞር የመጣውን እንጂ በፈረሱ ሩጫ የመጣውን መዝመም በዚህ መንገድ ማቃናት አይቻልም፤ የደበዘዘውንም አያጠራም። ደግሞም ረድፎቹ ሲገፉ ዳሩ ባዶ ስለሚሆን፥ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ተቆርጦ ቀሪው ይሰፋል።

የተማሪዬን ቪዲዮ በኮምፒዩተር ስናርመው ምሰሶዎቹ ቀጥ አሉ፤ ዳር የቆሙት አያቱ ግን እኩሌታቸው ተቆረጠ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና፥ «ይቅር፥ ምሰሶው ይዝመም» አለኝ።

እንግዲህ ስታርሙ ዋናውን ቅጂ አታጥፉ። ስትቀርጹም ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፤ ካሜራውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፤ የምትወዱትን ሰው ከዳር አታቁሙ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፥ ካሜራም ማንን ከመካከል እንደሚያደርግ አያውቅም፤ የሚያውቀው የያዘው ሰው ነው።