ኮክን በጠርሙስ አሽጎ ስለ ማቆየት

የኮክ ወራት አጭር ነው፤ ፍሬው በአንድ ጊዜ ይበስላል፥ ካልተበላም ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ ብልህ እመቤት ከፍሬው ከፍላ፥ ለኬክ መሙያ የሚሆናትን በጠርሙስ አሽጋ ታኖራለች። ይህን ጥበብ ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞ ገልጦታል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሥጋው ቢጫ የሆነውን ኮክ ልጦ፥ አጥንቱን አውጥቶ፥ ከትፎ በስኳር ማፍላት፤ ለአንድ ሊትርም አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ መጨመር። ዱቄት ግን አይግባበት፤ የወፈረ ነገር ሙቀትን ወደ መካከሉ ቶሎ አያሳልፍምና፥ ዱቄቱ የሚጨመረው ኬኩ በሚጋገርበት ቀን ነው። ትኩሱን በንጹሕ ጠርሙስ ሁለት ጣት ያህል አጉድሎ ሞልቶ፥ በአዲስ ክዳን ገጥሞ፥ ውሃው ክዳኑን በሚሸፍንበት ድስት መቀቀል ነው።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ጊዜው ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት 30 ደቂቃ ይበቃል ቢሉ፥ የተናገሩት ለባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፥ ውሃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል። እንግዲህ በዚህ ከተማ ጠርሙሱ 45 ደቂቃ ሙሉ ሊፈላ ይገባዋል።

ክዳኑ ያበጠ ወይም ሲከፈት አረፋ የሚያወጣ ጠርሙስ ቢገኝ፥ ሳይቀመስ ይጣል። የአንድ ጠርሙስ ኮክ ኪሣራ ቀላል ነው፤ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት የልጆችና የእንግዶች ጤና ግን በገንዘብ አይገዛም።